የሰባተኛው ቀን ምርመራ፦ የደከመን ተማሪ በጊዜ የማንሣት ጥረት ታሪክ

በልደታ፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ሕንፃ ኮሌጅ ብሎ በሚጠራው ግቢ የተማረ ሰው የኮንክሪት ናሙና አመራመርን አይረሳም። ኮንክሪቱ በተሞላበት ዕለት በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ኩብ ናሙና ይወሰዳል፤ ናሙናው በውኃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከፊሉ በ7ኛው ቀን፣ የቀረው በ28ኛው ቀን በመጭመቂያ መኪና ይሰበራል። በ28ኛው ቀን የሚገኘው ቁጥር ፍርድ ነው፤ ዓምዱ ቆሟል፣ በላዩም ምናልባት ወለል ተሞልቷል። የ7ኛው ቀን ቁጥር ግን ምክር ነው። በተለመደው ሲሚንቶ የተሠራ ኮንክሪት በሳምንቱ የ28ኛውን ቀን ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ያህል ስለሚያገኝ፣ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ውጤት የታየ እንደ ሆነ መሐንዲሱ ቀጣዩን ሙሌት ያዘገይና ከፎርማኑ፣ ከላቦራቶሪው ባለሙያና ከአሸዋ አቅራቢው ጋር ይነጋገራል። ውኃው በዝቶ ይሆን? አሸዋው አፈር ነበረበት? ናሙናው በፀሐይ ላይ ውሎ ይሆን? ሲሚንቶው ሰነፍ ነው ብሎ የሚያልፍ ባለሙያ የለም።

የአገራችን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ግን ተማሪውን ለረጅም ዘመን ሲመረምር የኖረው በ28ኛው ቀን ብቻ ነው። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ሲደክም ይከርማል፤ በሰኔ ወደቀ ይባላል፤ መውደቁም የራሱ የልጁ ጥፋት ሆኖ በካርዱ ላይ ይጻፋል። ይሁን እንጂ ተማሪው ከመውደቁ አስቀድሞ የሚይዘው እጅ በዚህች አገር ጨርሶ አልነበረም ማለት ታሪኩን መሳት ነው። እጁ ነበረ፤ ኋላም በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ስም ተመልሶ ሊመጣ ሞክሯል።

የአካባቢው ስም የወጣበት የልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ አድባራት ሁሉ ሕፃናት ከየኔታ ፊት ፊደል የሚቆጥሩበት ሥርዐት አካል ነው። በዚህ ሥርዐት ውስጥ ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም። አንዱ ሕፃን ሀሁ ይላል፣ ሁለተኛው አቡጊዳ ላይ ደርሷል፣ ሦስተኛው ፊደለ ሐዋርያ ይዟል፣ ሌላው ዳዊት ይደግማል፤ ሁሉም በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። በንባብ ቤት ልጁ ከግዕዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከዚያም ወደ ቁም ንባብ የሚሻገረው ያለፈውን አጥርቶ ሲገኝ ነው እንጂ ዓመት ስለ ሞላው አይደለም። ስለዚህ የሚዘገይ ተማሪ ነበር፤ ወደቀ የሚባል ተማሪ ግን በቃሉ ትክክለኛ ትርጉም አልነበረም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የኔታ ብቻቸውን አያስተምሩም ነበር። ከፍ ያለው ልጅ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ አስቀጻዩ ሕፃኑ የትኛው ፊደል ላይ እንደሚሰናከል፣ የትኛውን ቃል እንደሚውጥ ያውቃል፤ ምሽት ላይ በቃል ትምህርት ጊዜ ያንኑ ደግሞ ደጋግሞ ያስይዘዋል። የኔታ ልጁን ሲያስነብቡ ከአስቀጻዩ የሰሙት ነገር አስቀድሞ በእጃቸው አለ። ሁለት አስተማሪዎች አንዱን ተማሪ በየዕለቱ ያዩታል ማለት ነው።

ይህን ማመስገን ያለፈውን ሁሉ ማመስገን አይደለም። ከዚያው ዛፍ ሥር አለንጋውም ነበር፤ የሚኮበልለውን ልጅ በእግር ብረት ማሰር የታወቀ ነገር ነበር፤ ሴት ልጅ የምታገኘው ዕድል ጠባብ ነበር፤ የሚነበበው በአብዛኛው ልጁ በማይናገረው በግዕዝ ነበር። የሚያስቆጨው ዘመናዊው ትምህርት ቤት አለንጋውን ከነክብሩ ተረክቦ አስቀጻዩን ከደጅ መተዉ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈቱ። ከእነርሱ ጋር ደወል፣ የክፍል ደረጃና የትምህርት ዓይነት መጣ። በአንድ ልጅ ላይ አምስት ስድስት መምህራን ተፈራረቁበት፤ ሒሳቡን አንዱ፣ ቋንቋውን ሌላው ያስተምረዋል። እያንዳንዳቸው በየሙያቸው የተመሰገኑ ይሁኑ እንጂ ስለ አንዱ ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚነጋገሩበት ሰዓት በፕሮግራሙ ላይ አልተያዘለትም። ከጠላት ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱም ይኸው አደረጃጀት ቀጠለ። በ1955 ዓ.ም. ከ270 በላይ የሚሆኑ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ሲመጡ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመምህር እጥረት ቀለለ፤ ነገር ግን እንግዳው መምህር በሁለት ዓመት ተመልሶ ሲሄድ ስለ ተማሪዎቹ ያወቀውን ሁሉ በሻንጣው ይዞት ይሄዳል።

ከዚህ ለየት ያለ የሥራ ጠባይ የታየው ከመጽሐፉ ጎን መሣሪያ በተቀመጠባቸው ትምህርት ቤቶች ነው፤ ከእነዚህም ሁለቱ በልደታ አካባቢ ናቸው። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ከሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ የእንጨት፣ የብረታ ብረት፣ የኤሌክትሪክና የመኪና ሙያ ያስተምር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመሠረተ። ኢንስቲትዩቱ ከማስተማሩ ጋር የግንባታ ዕቃዎችን መመርመርንና ጥናትን አጣምሮ የያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም የዚያ አካል ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ከኢንጂነሪንግ ኮሌጁ ጋር በቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ሥር ተጠቃለለ፤ በኋላም የኢትዮጵያ ሥነ ሕንፃ፣ ሕንፃ ግንባታና ከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ሆነ።

በወርክሾፕ ውስጥ የተማሪ ድካም ሊደበቅ አይችልም። የእንጨቱ መጋጠሚያ ክፍተት ካለው ክፍተቱ በዚያው ሰዓት ይታያል፤ እስከ ሰኔ አይጠብቅም። መምህሩም አጠገቡ ቆሞ ስለሚያይ ስሕተቱ ከእጅ ይሁን ከዓይን፣ ከመለኪያው አያያዝ ይሁን ከሥዕሉ አነባበብ ለይቶ ያውቃል። እዚህ ላይ ግን አንድ ጉድለት አለ። የእንጨት ሥራ መምህሩ የሚያየው የተጣመመውን መጋጠሚያ ነው፤ የሒሳብ መምህሩ የሚያየው የተሳሳተውን የማእዘን ስሌት ነው፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ የሚያየው ትእዛዙን አንብቦ ያልተረዳውን ልጅ ነው። ሦስቱም የአንዱን ልጅ አንዱን ችግር ነው ያዩት። ሦስቱ ተገናኝተው ካልተነጋገሩ ልጁ በሦስት ትምህርት ደካማ ሆኖ ይጻፋል፤ ከተነጋገሩ ግን የልጁ ችግር አንድ መሆኑ፣ ምናልባትም በአንድ ወር የሚታከም መሆኑ ይታወቃል።

ይህ ምሳሌ የወርክሾፕ ብቻ አይደለም። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ እንዲሰጥ ተደረገ፤ ከ7ኛ ክፍል በላይ ያለው በእንግሊዝኛ ቀጠለ። የአዲስ አበባ ልጅ እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ የተማረውን ሒሳብና ሳይንስ በ7ኛ ክፍል ደጃፍ ላይ በሌላ ቋንቋ ይገናኘዋል፤ አፉን በአማርኛ ላልፈታው የክፍለ ሀገር ልጅ ደግሞ ይህ ሁለተኛው መሻገሪያ ነበር። 7ኛ ክፍል ላይ ብዙ ጎበዝ ልጅ በአንድ ጊዜ የሚደክምበት ምክንያት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ነገር ግን የሒሳብ መምህሩ ልጁን ሒሳብ አይገባውም ይላል፤ የሳይንስ መምህሩም እንዲሁ ይላል፤ ቋንቋው መሆኑ የሚታየው የሁለቱ ማስታወሻ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው። ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ሥርዐት አልነበረም። በምትኩ የነበረው በ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ፣ በ12ኛ ክፍል ማትሪክ የሚባለው ወንፊት ነው።

የወንፊቱ አስተሳሰብ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ የሚያሳየው በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው፣ ሴክተር ሪቪው በመባል የታወቀው የትምህርት ጥናት ነው። ጥናቱ የትምህርቱን ወጪና የሥራ አጡን ተማሪ ብዛት መዝኖ፣ ለአብዛኛው ሕፃን የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይበቃዋል ወደሚል ሐሳብ አዘነበለ። በ1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ፣ ወላጆችና ተማሪዎች አደባባይ ሲወጡ ከቁጣቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር። ጥናቱ ያነሣው የገንዘብ ጥያቄ ከንቱ አልነበረም፤ ሆኖም ከ4ኛ ክፍል በኋላ ማን ይቅር የሚለውን ሲያሰላ፣ እስከ 4ኛ ክፍል ድረስ የሚንገዳገደውን ማን ይያዘው የሚለው ሳይመለስ ቀረ።

በትምህርት ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ሮስተር የሚባለውን ሰፊ ወረቀት ያውቀዋል። በወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ ሆምሩም መምህሩ የክፍሉን ተማሪዎች ስም በቁመት፣ የትምህርቱን ዓይነት በአግድም አስፍሮ፣ ከየመምህሩ የመጣውን ማርክ ይሞላል፤ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ። ቀናት የሚፈጅ፣ ዓይን የሚያደክም ሥራ ነው። የአንድ ልጅ ስድስትና ሰባት መምህራን ስለዚያ ልጅ የሚያውቁት በአንድ መሥመር ላይ የሚገናኘው በዚህ ወረቀት ብቻ ነው። መሥመሩ ብዙ ይናገራል፤ በሥዕልና በአማርኛ 85፣ በሒሳብና በሳይንስ 38 ያመጣ ልጅ ምን እንደ ሆነ ለሚጠይቅ ሰው መልሱን ግማሽ በግማሽ ይሰጠዋል። ነገር ግን ሮስተሩ የሚሞላው ፈተናው ካለቀ በኋላ ነው፤ ካርድ ይጻፍበታል፣ ይፈረምበታል፣ ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። የ28ኛው ቀን ምርመራ ማለት ይህ ነው። ይኸው ወረቀት ሰባት የጎደሉ ቁጥሮች ይዞም ቢሆን በኅዳር ወር ቢዘረጋ ምን ያህል ልጅ ያተርፍ ነበር የሚለው ስሌት ለማንም መሐንዲስ ግልጽ ነው።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ተማሪው በዛ። በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ፤ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በተከታዩም ዓመት የዩኔስኮን ሽልማት አስገኘ። ሚሊዮኖች ፊደል ቆጠሩ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በከተማው ትምህርት ቤት ግን ክፍሉ ስልሳና ሰባ ልጅ ያዘ፤ ቀኑ በጠዋትና በከሰዓት ፈረቃ ተከፈለ። ፈረቃ ለደካማው ተማሪ ከሁሉ የከፋ ነበር፤ ምክንያቱም ከትምህርት በኋላ ቆይቶ የሚረዳበትን ክፍል የሌላው ፈረቃ ተማሪ ወስዶበታል። መምህራን በዚያ ዘመን መሰብሰቡንስ ይሰበሰቡ ነበር፤ በየጊዜው ውይይት ነበረ፤ የውይይቱ ርእስ ግን ሌላ ነበር። በጎ የሆነው ነገር በየአውራጃውና በየትምህርት ቤቱ የተቋቋሙት የፔዳጎጂ ማዕከሎች ናቸው፤ መምህሩ ከካርቶን፣ ከሽቦና ከጠርሙስ ክዳን የማስተማሪያ መሣሪያ የሚሠራበት፣ ከባልደረባው ጋር እጅ ለእጅ የሚገናኝበት ቦታ ሆኑ። ብዙዎቹ ኋላ የአቧራ መጋዘን ቢሆኑም ሐሳቡ ትክክል ነበረ፤ መምህራን የሚነጋገሩት የሚሠሩት ነገር በመካከላቸው ሲቀመጥ ነውና።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነገሩን በቃል ደረጃ በሚገባ ያዘው። ተማሪው በተከታታይ እንዲመዘን፣ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በአንድ ፈተና ወድቆ እንዳይቀር፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ይዞ ልጁን በሙሉ እንዲያውቀው ተደረገ። የ7ኛው ቀን ምርመራ በመመሪያ ገባ ማለት ይቻላል። ጎረቤት የሆኑ ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከል ተሰባሰቡ፤ ሱፐርቫይዘር ተመደበላቸው። ኋላም መምህሩ በየዓመቱ 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲያደርግ ተደነገገ። ችግሩ የመጣው ከአፈጻጸሙ ነው። ተከታታይ ምዘናው በብዙ ቦታ ተከታታይ ፈተና ሆነ፤ ኩቡ በየሳምንቱ ይሰበራል፣ ሙሌቱ ግን አይስተካከልም። የሙያ ማሻሻያውም ፖርትፎሊዮ የሚባል ዶሴ ወለደ። የዶሴው ባለቤት መምህሩ ነው፤ በውስጡ የመምህሩ ዕቅድ፣ የመምህሩ ሪፖርት፣ የመምህሩ ፊርማ አለ። የአንድ የሚንገዳገድ ልጅ ስም ግን በውስጡ ተፈልጎ የሚገኘው በጭንቅ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገባ። ከአዲስ አበባ በሳተላይት የሚሠራጨው፣ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በቴክኒክ ረገድ የሚያስደንቅ ሥራ ነበር፤ መሐንዲስ ሆኖ ያላደነቀው አይኖርም። ነገር ግን ሥርጭቱ አይቆምም። ክፍለ ጊዜው ሲጀመርና ሲያልቅ ከሚሰጡት ጥቂት ደቂቃዎች በቀር መምህሩ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አያየውም። ፈጣኑ ተማሪ ምናልባት ተጠቅሞ ይሆናል። ዘገምተኛውን ግን እጅ ከሚይዘው ብቸኛ ሰው ለያየው።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በትምህርት ልማት ሠራዊት ስም የመጣው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት በመልኩ አስቀጻዩን ይመስል ነበር፤ ጎበዙ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን ይዞ ያስጠናል። በእርግጥ የሠመረባቸው ክፍሎች ነበሩ። ሆኖም ያው ስም ከትምህርት ቤቱ ውጭ ለፖለቲካ ሥራ የዋለ በመሆኑ ብዙዎች በጥርጣሬ አዩት፤ ደግሞም አስቀጻዩ ያየውን ለየኔታ ይናገር የነበረውን ያህል የቡድኑ መሪ የሚናገርለት የመምህራን ጉባኤ ስላልነበረ፣ ወረቀቱ ወደ ላይ ሲወጣ ልጁ እዚያው ቀረ።

በጃፓን ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የቆየ አንድ ልማድ አለ። ጥቂት መምህራን አንድን ክፍለ ጊዜ አብረው ያዘጋጃሉ፤ አንዳቸው ያስተምራል፤ ሌሎቹ በክፍሉ ውስጥ ቆመው የሚመለከቱት መምህሩን ሳይሆን ተማሪዎቹን ነው፤ ማን የት ላይ እርሳሱን እንዳስቀመጠ ይጽፋሉ። ከዚያ ተቀምጠው ይነጋገራሉ፤ ትምህርቱን ያሻሽሉታል። ልዩ ገንዘብም ልዩ መሣሪያም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሰዓትና የተመልካቹን ዓይን አቅጣጫ መለወጥ ነው። በኛ አገር ሱፐርቫይዘር ወደ ክፍል ሲገባ መምህሩ ይጨነቃል፤ ምክንያቱም የሚታየው እርሱ ነው።

ሒሳቡ የተወራረደው ዘግይቶ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስት አንዱ ያህል ከቀረበለት ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። እነዚህ ልጆች በ12ኛ ክፍል መፈተኛ ዕድሜ ላይ በደረሱበት ሰሞን፣ የ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጠ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። ከ1100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ አለፈ። መንግሥት ከወደቁት መካከል የተሻለ ያመጡትን በዩኒቨርሲቲ ሪሜዲያል በሚባል የማካካሻ ትምህርት እንዲያልፉ አደረገ። መልካም እርምጃ ነው፤ በመሐንዲስ ቋንቋ ግን ወለሉ ከተሞላ በኋላ ዓምዱን በብረት ጃኬት ማጠናከር ነው። ይቻላል፣ ይደረጋልም፤ ዋጋው ግን ከ7ኛው ቀን ንግግር ጋር አይወዳደርም።

ልደታ በዚህ መካከል ራሷ ተለውጣለች። እ.ኤ.አ. ከ2009 ገደማ ጀምሮ የድሮው ሠፈር በመልሶ ማልማት ፈርሶ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችና ረጃጅም ፎቆች ተሠሩበት፤ በዚያ ሥራ ላይ የተካፈሉ የሙያ ባልደረቦች ብዙ ናቸው። ብዙ ነባር ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳር ሄደ፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት ለወጡ። ሠፈር ሲፈርስ የሚቆጠረው ቤቱ፣ ቧንቧውና የመብራት ቆጣሪው ነው። አንድ መምህር በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ አንድ ልጅ ያወቀው፣ ከፊተኛው ወንበር ካልተቀመጠ ሰሌዳው እንደማይታየው፣ ክፍልፋይ ላይ እንደሚሰናከል፣ በታላቅ እኅቱ በኩል ካልሆነ ቤተሰቡ እንደማይገኝ፣ በየትኛውም የካሣ ቅጽ ላይ አልተመዘገበም።

በውኃ ገንዳው ውስጥ በተቀመጠው እያንዳንዱ ኩብ ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል፤ የተሞላበት ቀን፣ የተወሰደበት የሕንፃው ክፍልና የውሑዱ ዓይነት። ልጁ ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት ይዞት በሚሄደው መሸኛና ካርድ ላይ ያለው አማካይ ውጤት፣ ደረጃና ጠባይ ነው።